ዓሣው ታመመ ወይስ ውኃው? የወርቃማ ዓሣ ሕመምና ሕክምናው በድሬ ጠያራ ከፍታ

ሐረር ስሟ የሚነሣው በጅቦቿ እንጂ በዓሣዎቿ አይደለም። ሆኖም በአገራችን ከተሞች በሆቴሎች እንግዳ መቀበያ፣ በካፌዎችና በመኖሪያ ቤቶች በመስታወት ገንዳ ውስጥ ለጌጥ የሚያዘው ወርቃማ ዓሣ ወደ ምሥራቁም ክፍል ዘልቋል። ከእርሱ ጋር አብሮ የዘለቀ አንድ እምነት አለ፤ ይኸውም "ይህ ዓሣ ዕድሜው አጭር ነው፤ ጥቂት ወራት ኖሮ ይሞታል" የሚለው ነው። እምነቱ ትክክል አይደለም። በሳይንሳዊ ስሙ ካራሲየስ አውራተስ የሚባለው ይህ ዓሣ ቻይናውያን ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ጀምረው እየመረጡ ያራቡት የካርፕ ዘመድ ሲሆን፣ በመልካም አያያዝ ከ10 እስከ 20 ዓመት ይኖራል። በእንግሊዝ አገር በ1999 እ.ኤ.አ. የሞተ አንድ ወርቃማ ዓሣ 43 ዓመት መኖሩ ተመዝግቧል። እንግዲያውስ በሦስተኛው ወር የሞተ ዓሣ በእርጅና አልሞተም፤ አንድ ነገር ገድሎታል ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ያ አንድ ነገር ምን እንደሆነ እንዴት እንደሚለይና ምን ሊደረግለት እንደሚቻል እንመለከታለን። የፊዚክስ መምህራንን ከዓሣ ሕመም ጋር ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሳችን ቀላል ነው። አብዛኛው የገንዳ ዓሣ ሕመም የጀርም ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የጋዝ፣ የግፊት፣ የሙቀትና የኦስሞሲስ ጉዳይ ነው። ከዚህም በላይ በዚህ ርዕስ የታተሙት የውጭ መጻሕፍት አብዛኞቹ የተጻፉት በባሕር ጠለል አቅራቢያ ለሚኖር አንባቢ ነው። ምክራቸው የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ሲደርስ ስሌቱ ይለወጣል።

ከፍታው ምን ይወስዳል?

የድሬ ጠያራ ስም ከሁለት ቋንቋ የተገጠመ ነው፤ "ድሬ" በኦሮምኛ ሜዳ ማለት ሲሆን "ጠያራ" ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ የአውሮፕላን መጠሪያ ነው። ስለ አየር ግፊት ለሚናገር ሰው ከዚህ የተመቸ ስም ያለው ስፍራ አይገኝም። የሐረርና የአካባቢዋ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል 101 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን እዚህ ወደ 80 ዝቅ ይላል። እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ሄንሪ በ1803 እ.ኤ.አ. እንዳሳወቀው፣ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ መጠን ጋዙ በፈሳሹ ላይ ካለው ግፊት ጋር እኩል ይጨምራል፤ እኩል ይቀንሳል። ስለሆነም በ20 ዲግሪ ሴልሲየስ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በባሕር ጠለል እስከ 9.1 ሚሊግራም ኦክስጅን ሲይዝ በሐረር 7.2 ሚሊግራም ብቻ ይይዛል። በ25 ዲግሪ ቁጥሮቹ 8.3 እና 6.5፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 7.6 እና 5.9 ይሆናሉ። ለወርቃማ ዓሣ ጤንነት ከ5 ሚሊግራም እንዳያንስ ይመከራል። ውኃው ሲሞቅ የባሕር ዳርቻው ሰው ዓሣ ከ2 ሚሊግራም በላይ መጠባበቂያ ሲኖረው የእኛው ዓሣ የሚቀረው ከ1 ሚሊግራም ያነሰ ነው። በዚያው ላይ ሙቀት የዓሣውን የኦክስጅን ፍላጎት ያሳድገዋል፤ በየ10 ዲግሪው እጥፍ ገደማ ይሆናል።

እነዚህ ቁጥሮች ውኃው ከአየር ሊወስድ የሚችለውን ከፍተኛ መጠን እንጂ በእርግጥ የያዘውን አያመለክቱም። በጸጥታ በቆመ ውኃ ውስጥ ኦክስጅን ወደ ታች የሚወርደው ዲፊውዥን በሚባለው የሞለኪውሎች ዘገምተኛ ጉዞ ብቻ ነው። የኦክስጅን የዲፊውዥን መጠን በውኃ ውስጥ በሰከንድ 2 ቢሊዮንኛ ካሬ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱን በራሱ አባዝተን የዚህን ቁጥር እጥፍ ብናካፍልበት ጊዜውን እናገኛለን። አንድ ሞለኪውል ኦክስጅን 10 ሴንቲሜትር ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ 29 ቀን ያህል ይሆናል። ዓሣው አንድ ወር አይጠብቅም። ስለዚህ ውኃው መንቀሳቀስ አለበት። የአየር መንፊያ መሣሪያ ጥቅሙ ብዙዎች እንደሚያስቡት አረፋው ውስጥ ያለው አየር ብቻ አይደለም፤ ዋናው ሥራው የታችኛውን ውኃ ወደ ላይ እያመጣ ከአየር ጋር ማገናኘት ነው።

ክብ የመስታወት ዕቃ ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ስፋቱ 25 ሴንቲሜትር የሆነ ክብ ዕቃ እስከ ወገቡ ቢሞላ 4 ሊትር ውኃ ይይዛል፤ ከአየር ጋር የሚገናኘው የውኃው ገጽ 490 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። ያንኑ ዕቃ አፉ 12 ሴንቲሜትር እስከሆነበት ድረስ ብንሞላው ውኃው እጥፍ ሆኖ 8 ሊትር ሲደርስ ገጹ ወደ 113 ካሬ ሴንቲሜትር ይወርዳል። ባለቤቱ ለዓሣው የደከመለት መስሎት ከአናት እስከ አናት ሲሞላለት መተንፈሻውን ከሩብ በታች አደረገበት ማለት ነው። ተማሪዎች ስሌቱን ራሳቸው ቢሞክሩት መልካም የጂኦሜትሪ ልምምድ ይሆናል።

መድኃኒት ከማሰብ በፊት መመልከት

የታመመ ዓሣ አይናገርም፤ የሚገኝበት ቦታና የሚታመምበት ሰዓት ግን ይናገራሉ። በቅድሚያ የሚጠየቀው ጥያቄ ስንቱ ታመመ የሚለው ነው። ሁሉም ዓሦች በአንድ ቀን ከተዳከሙ ጥፋቱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የውኃው ነው፤ ተላላፊ በሽታ ዓሦቹን በተከታታይ ቀናት አንድ በአንድ ይይዛል። ከብዙዎቹ መካከል አንዱ ብቻ ለሳምንታት ቢታመም የዚያው ዓሣ የብቻው ችግር፣ ለምሳሌ የአንጀት ወይም የአየር ከረጢት እክል ሊሆን ይችላል።

ዓሣው ከላይ ሆኖ አፉን እየከፈተ የሚተነፍስ ከሆነ ሰዓቱ ይታይ። ንጋት ላይ ብሶበት ከሰዓት በኋላ የሚሻለው ከሆነ የኦክስጅን እጥረት ነው፤ በገንዳው ውስጥ ያሉ ተክሎች ሌሊት ኦክስጅን መስጠታቸውን ትተው እነርሱም ይወስዳሉና። ቀኑን ሙሉ ሳያሰልስ አፉን የሚከፍት ከሆነ የስንጥቡን ክዳን ጠጋ ብሎ መመልከት ይገባል። ጤነኛ ስንጥብ ደማቅ ቀይ ነው። ቡናማ ከሆነ ናይትራይት ደሙን መርዞታል፤ ፈዛዛ ሆኖ ዝልግልግ ፈሳሽ ከሸፈነው ወይ ክሎሪን አቃጥሎታል ወይ ጥገኛ ተውሳክ ሰፍሮበታል። ክንፎቹን ሰብስቦ ከታች የሚተኛ፣ ገላውን ከጠጠሩ ጋር የሚያሻሽ ዓሣ ቆዳው ይበላዋል።

ወርቃማ ዓሣ በአንድ ረገድ አታላይ ነው። ኦክስጅን ፈጽሞ ሲያጥር ጡንቻው የላክቲክ አሲድን ወደ አልኮል ለውጦ በስንጥቡ በኩል ማስወጣት ይችላል፤ በበረዶ ሥር በሚከርሙ ኩሬዎች የተረፈው በዚህ ብልሃት ነው። ሌላው ዓሣ በሞተበት ውኃ እርሱ ቀናት ይቆያል። ስለዚህ ዓሣው ገና መዋኘቱ ውኃው ደኅና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

አሞኒያ፣ ቧንቧና በርሜል

ዓሣ ከምግቡ የተረፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል አሞኒያ አድርጎ ያስወጣል። በወንዝ ውስጥ ውኃው ይወስድለታል፤ በገንዳ ውስጥ ግን ባክቴሪያዎች ካልረዱት በራሱ ቆሻሻ ይመረዛል። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በ1890 እ.ኤ.አ. ለይተው ያሳወቋቸው የእነዚህ ባክቴሪያዎች ወገኖች አሞኒያውን በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ አነስተኛ ወደ ሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ ተራብተው ሥራቸውን በወጉ ለመሥራት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል። አዲስ ገንዳ ውስጥ የገባ ዓሣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት የሚሞተው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ገንዳውን "በደንብ ላጽዳ" ብሎ ጠጠሩን በበረኪና ማጠብ ባክቴሪያዎቹን ገድሎ ቆጠራውን ከአንድ ያስጀምራል።

አሞኒያ በውኃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ኤሌክትሪክ ሙል የያዘውና ወደ ስንጥቡ በቀላሉ የማይገባው አሞኒየም ሲሆን፣ ሁለተኛው ሙል የሌለውና መርዛማው አሞኒያ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 7 በሆነ ውኃ መርዛማው ከጠቅላላው 0.6 በመቶ ያህል ሲሆን ፒኤች 8 ሲሆን ወደ 5 በመቶ ከፍ ይላል። ይህ ለሐረር ትልቅ ቁም ነገር ነው። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በደለል፣ በመስኖና በትነት ከደረቀ በኋላ ከተማዪቱ ፊቷን ያዞረችው በድሬዳዋ በኩል ወደሚገኙ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ የጉድጓድ ውኃ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያበጅ ጠንካራ ውኃ ሲሆን ፒኤቹም ወደ 8 ያዘነብላል። በመጽሐፍ "ለጊዜው አያሰጋም" የተባለው የአሞኒያ መጠን በእንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ ሊያሰጋ ይችላል። የመለኪያ ወረቀት ያጣ ተማሪ ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅሎ ጭማቂውን በውኃው ላይ ቢያንጠባጥብ፣ ሐምራዊ ሆኖ ሲቀር ገለልተኛ፣ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ሲያደላ ቤዝነት ያለው መሆኑን በግምት ያውቃል።

ሕክምናው በፋርማሲ የሚሸጥ አይደለም። ምግብ ለሁለትና ለሦስት ቀን ማቆም፣ ከውኃው ሲሶውን መለወጥ፣ በማግሥቱም መድገም ነው። ጤነኛ ወርቃማ ዓሣ ሳምንት ሳይበላ ቢቆይ አይጎዳም፤ ከምግብ እጥረት ይልቅ በርኅራኄ ብዛት የሞተው ይበልጣል። ናይትራይት ከሆነ በሊትር 1 ግራም የወጥ ቤት ጨው ይጨመር፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱን በስንጥቡ በር ላይ ተሻምቶ እንዳይገባ ያግደዋል።

የሚጨመረው ውኃ ራሱ ሦስት ጥንቃቄ ይሻል። የመጀመሪያው ክሎሪን ነው። ለሰው የሚጠጣን ውኃ የሚያጸዳው መጠን የዓሣ ስንጥብ ያቃጥላል፤ እንደ ውኃ አጋር ባለ ማከሚያ የታከመ ውኃም እንዲሁ ነው። ውኃ በወረፋ በሚመጣበት አካባቢ ያለ ሰው ሳያስበው መፍትሔውን በእጁ ይዟል፤ አፉ ተከፍቶ በበርሜል ውስጥ አንድ ሁለት ቀን የቆየ ውኃ ክሎሪኑ ከሞላ ጎደል ይተናል። ሁለተኛው በግፊት የሟሟ አየር ነው። ከቆላ ተገፍቶ በቧንቧ የሚወጣ ውኃ ከቧንቧው ሲፈስ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ከሥር ወደ ላይ የሚጠራ ከሆነ፣ ያ ነጭነት ብዙዎች እንደሚሉት ክሎሪን ሳይሆን ግፊቱ ሲቀንስ የሚወጣ የአየር አረፋ ነው። ትኩስ በትኩሱ ቢገለበጥ አረፋው በዓሣው ክንፍና ዓይን ውስጥ ሊፈጠር ይችላል፤ ጠላቂ ዋናተኞች በፍጥነት ሲወጡ ከሚይዛቸው ሕመም ጋር አንድ ዓይነት ነው። ማሳደርና ማማሰል ያድነዋል። ሦስተኛው የዝናብ ውኃ ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ ውኃ ዚንክ ይዞ ይወርዳል፤ ዚንክ ደግሞ ካልሲየም በሌለው ለስላሳ ውኃ ውስጥ ለዓሣ የበለጠ መርዛማ ነው። ለልብስ ማጠቢያ የሚመረጠው ውኃ ለዓሣ አይመረጥም።

ከገንዳው የሚወጣው ውኃ፣ ጨውና መድኃኒት እስካልገባበት ድረስ፣ ናይትሬት ስላለው ለጓሮ ጎመን ይጠጣ። ውኃ በጀሪካን በሚገዛበት ቀበሌ ዓሣ ማኖር ክርክር የሚያስነሣ ነገር ነውና ቢያንስ ውኃው ሁለት ጊዜ ይሥራ።

ቅርፊቱ የቆመ ዓሣ

የዓሣ ደም ከሚዋኝበት ውኃ እጅግ ጨዋማ ነው። በሊትር 0.27 ሞል ያህል ቅንጣቶች አሉበት፤ ይህ በ20 ዲግሪ ሙቀት ሲሰላ ከ6 አትሞስፌር የሚበልጥ የኦስሞሲስ ግፊት ይሰጣል። ውኃ በዚህ ኃይል ሌሊትና ቀን ወደ ገላው ይገባል፤ ኩላሊቱም ያለ ዕረፍት ይቀዳል። ኩላሊቱ ሲደክም ሆዱ ይነፋል፤ ከላይ ሲመለከቱትም ቅርፊቱ ላባዋን እንደነፋች ዶሮ ይቆማል። ይህ ምልክት የአንድ በሽታ ስም ሳይሆን የኩላሊት መድከም ማስታወቂያ ነው፤ በዚህ ደረጃ የሚድነው ጥቂቱ ነው።

ጨው እዚህ ላይ የሚረዳበት ምክንያት ምሥጢር የለውም። በሊትር 3 ግራም ጨው 0.1 ሞል ያህል ቅንጣቶችን ስለሚጨምር የግፊቱን ልዩነት ከሲሶ በላይ ይቀንሳል፤ የኩላሊቱም ሸክም በዚያው ልክ ይቀላል። መጠኑ በግምት እንዳይሆን የገንዳው ይዘት ይለካ። 60 በ30 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ገንዳ በወረቀት 54 ሊትር ነው፤ ጠጠሩና ከላይ የጎደለው ሲቀነስ 45 ሊትር ገደማ ይቀራል። በሊትር 3 ግራም ሲታሰብ 135 ግራም ይሆናል፤ በሱቅ ሚዛን ማስመዘን ይቻላል። ጨዉ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ቀን ተከፋፍሎ፣ ተሟሙቶ ይግባ። አንድ ነገር አይዘንጋ፤ ውኃ ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም። የጎደለውን በጨው ውኃ የሚሞላ ሰው ሳያውቀው ገንዳውን ወደ አፍዴራ ይወስደዋል።

ነጭ ነጥብ

በገላውና በክንፎቹ ላይ የጨው ቅንጣት የመሰሉ ነጫጭ ነጥቦች ከታዩ አብዛኛውን ጊዜ ኢክቲዮፍቲሪየስ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳክ ነው። ይሁን እንጂ ነጥቦቹ በስንጥቡ ክዳንና በፊተኛው ክንፍ ጠርዝ ላይ ብቻ በሥርዓት ከተደረደሩ ዓሣው ታሞ ሳይሆን ለመራባት የደረሰ ወንድ ነው፤ ስንቱ ጤነኛ ዓሣ በዚህ ስሕተት መድኃኒት ጠጥቷል!

ተውሳኩ በዓሣው ቆዳ ሥር ሳለ መድኃኒት አይደርስበትም። ጠግቦ ይወድቃል፤ ከታች ተጣብቆ በመቶዎች ይከፋፈላል፤ ልጆቹም ሌላ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። ጨውም ሆነ ሌላ መድኃኒት የሚገድለው እነዚህን ዋናተኞች ብቻ ነው። ዑደቱ በ25 ዲግሪ ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ሲያልቅ በ10 ዲግሪ ከወር በላይ ይፈጃል። የውጭ መጻሕፍት ውኃውን እስከ 30 ዲግሪ በማሞቅ ዑደቱን ማፋጠን ይመክራሉ። በባሕር ጠለል ይህ ይሠራል። በድሬ ጠያራ ግን 30 ዲግሪ ማለት፣ ውኃው ከአየር ጋር ፍጹም ተገናኝቶ እንኳ፣ 5.9 ሚሊግራም ኦክስጅን ማለት ነው፤ ስንጥቡ የተጎዳ ዓሣ ይህን አይችልም። እኛ የምንመርጠው ሙቀቱን ከ26 ዲግሪ ሳያሳልፉ በሊትር 3 ግራም ጨው መጠቀምና ነጥቦቹ ከጠፉ በኋላም ሕክምናውን ለሁለት ሳምንት ያህል መቀጠል ነው። መብራት ሲጠፋና መንፊያው ሲቆም ውኃውን በጣሳ እየጨለፉ ከስንዝር ከፍታ መልሶ ማፍሰስ እስኪመጣ ድረስ ያቆየዋል።

የቴትራሳይክሊኑ ነገር

ክንፉ ጠርዙ ነጥቶ እየተቆራረሰ ሲያልቅ ባክቴሪያ ገብቶበታል፤ በዚህ ጊዜ ብዙዎች ወደ መድኃኒት ቤት ሄደው ቴትራሳይክሊን ይገዙና ካፕሱሉን ከፍተው በገንዳው ውስጥ ይበትናሉ። ይህን ልማድ አጥብቀን እንቃወማለን። የቴትራሳይክሊን ሞለኪውል ካልሲየምና ማግኒዚየም ሲያገኝ ይጣበቅባቸዋል፤ ከወተት ጋር አትውሰዱ የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንደ ሐረር ባለ ጠንካራ ውኃ ውስጥ የተበተነው አብዛኛው መድኃኒት ዓሣው ጋ ሳይደርስ ይታሰራል። የተረፈው በማጣሪያው ላይ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጎዳና አሞኒያ ይመለሳል። ከዚያም ያልሞቱት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ለምደው ወደ ፍሳሽ ይወጣሉ፤ ያ መድኃኒት ደግሞ ሰውና ከብት የሚታከሙበት ነው።

ክንፍ የሚበላ ባክቴሪያ ከቀድሞውም በገንዳው ውስጥ ነበረ፤ ያሸነፈው ዓሣው በአሞኒያ ወይም በሙቀት መዋዠቅ ስለደከመ ነው። ውኃው ሲስተካከልና ዓሣው በሌላ ሳፋ በመጠነኛ ጨው ሲቀመጥ ጠርዙ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ያድጋል። እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው እጁን በገንዳው ውስጥ አያግባ፤ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ዘመድ የሆነው ማይኮባክቴሪየም ማሪነም ከዓሣ ገንዳ ወደ ሰው ቆዳ ይተላለፋል።

ተገልብጦ የሚንሳፈፍ ዓሣ

የአየር ከረጢቱ ከዓሣው ይዘት 7 በመቶ ያህል ሲሆን በቦይል ሕግ ይተዳደራል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የተጫነ ዓሣ ግፊቱ ከ88 ወደ 80 ኪሎፓስካል ሲወርድበት በከረጢቱ ያለው ጋዝ በ10 በመቶ ገደማ ይሰፋል፤ የታሸገበት ፌስታልም ደንገጎ ላይ ሲነፋ ይታያል። ወርቃማ ዓሣ ከረጢቱን ከጉሮሮው ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ቱቦ ስላለው ትርፉን ያስተነፍሳል፤ ስለዚህ ከመንገድ ማግሥት የሚያዘነብል ዓሣ ብዙውን ጊዜ በቀን ውስጥ ይስተካከላል። ቀናት ካለፉና ሌላ ምልክት ከሌለ አንጀቱ ደርቆ ከረጢቱን እየተጫነው ይሆናል፤ በተለይ ሰውነታቸው ክብ በሆኑት ዝርያዎች የተለመደ ነው። ሦስት ቀን ጾሞ፣ ከዚያ ገለባው ወጥቶ የተቀቀለ አንድ ሁለት ፍሬ አተር ይሰጠው። ደረቁ የፋብሪካ ምግብ ከመሰጠቱ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ይነከር፤ በአፉ ከውኃው ገጽ ላይ አየር አብሮ እንዳይውጥ ይረዳል።

የሰለቸውን ዓሣ ወደ ሐይቅ መልቀቅ ግን ሕክምናም ምሕረትም አይደለም። የሐረማያ ሐይቅ በቅርብ ዓመታት ውኃ መልሶ መያዝ ጀምሯል፤ ወርቃማ ዓሣ ደግሞ በሰፊ ውኃ እስከ 30 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ አድጎ ጭቃውን እየቆፈረ ውኃ የሚያደፈርስ፣ በሽታውንም ይዞ የሚገባ እንግዳ ነው።

ከላይ በተዘረዘረው የማይገለጽ ሞት ሲደጋገም ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። በአቅራቢያ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል፣ ራቅ ሲል ደግሞ በሰበታ የሚገኘው የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አሉ። ናሙና የሚወስድ ሰው ሞቶ ያደረ ዓሣ ይዞ አይሂድ፤ ተውሳኮቹ ዓሣው በሞተ በሰዓታት ውስጥ ጥለውት ይሄዳሉ። ታሞ ገና በሕይወት ያለው በራሱ ውኃ ሲሶው በተሞላ፣ ሁለት ሦስተኛው አየር በሆነ ፌስታል ይጓጓዝ፤ ከገንዳው የተቀዳ ሌላ አንድ ሊትር ውኃም ዓሣ ሳይገባበት በንጹሕ ጠርሙስ ለብቻው ይያዝ።